የማይቀለበስ ድምፅ

በ1963 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ውስጥ ሜዳ ቬል በሚባለው የቢቢሲ ስቱዲዮ፣ ዴሊያ ደርቢሻየርና ረዳቷ ዲክ ሚልስ አንድ የተደበቀ ስሕተት ይፈልጉ ነበር። «ዶክተር ሁ» ለተባለው አዲስ የቴሌቪዥን ድራማ መግቢያ የሚሆነውን ዜማ ሮን ግሬይነር በወረቀት ጽፎ ሰጥቷቸዋል፤ ድምፁን መፍጠር ግን የእነሱ ፈንታ ነው። ሲንተሳይዘር በእጃቸው የለም። ያላቸው አንድ የተወጠረ ሽቦ፣ ለመሣሪያ መፈተሻ የተሠሩ የድምፅ ማመንጫዎች፣ የቴፕ መቅጃዎችና ምላጭ ነው። እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ይቀዳሉ፤ የቴፑን ፍጥነት ለውጠው ያወፍሩታል ወይም ያቀጥኑታል፤ ርዝመቱን ለክተው በምላጭ ይቆርጡታል፤ ከሚቀጥለው ጋር ያጣብቁታል። ብዙ ትራክ አንድ ላይ የሚይዝ መቅጃ ስላልነበራቸው የባሱን ክር በአንድ ማሽን፣ የዜማውን በሌላው ጭነው እኩል ያስነሷቸዋል። ሁሉም አለቀ ሲባል ክሮቹ የሆነ ቦታ ላይ አልገጥም አሉ። ያኔ ከመጠቅለያቸው ፈትተው በስቱዲዮው ረጅም ኮሪደር ወለል ላይ ጎን ለጎን ዘረጓቸው። ከመጋጠሚያ ወደ መጋጠሚያ እያስተያዩ ሄዱና ከሌሎቹ ጋር ያልተሰለፈውን ቁራጭ በዓይናቸው አገኙት።

ዛሬ እንዲህ ያለውን ስሕተት አዲስ አበባ ወይም በርሊን ያለ ወጣት አቀናባሪ ከወንበሩ ሳይነሳ ያርመዋል። ድምፁ በስክሪኑ ላይ እንደ ሞገድ ተስሎ ይታየዋል፤ በማውስ ይዞ ወደ ቦታው ይስበዋል። እርማቱ ካላረካው ኮንትሮልና ዜድን ይጫናል፤ ያደረገው ነገር እንዳልተደረገ ይሆናል። ደግሞ ቢጫን ከዚያ በፊት ያደረገውም ይነሳል። እንዲህ እያለ በዚያ ቀን ሥራውን እስከጀመረበት ነጥብ ድረስ ወደ ኋላ መሄድ ይችላል።

ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ከሃርድዌር ስቱዲዮ ወደ ሶፍትዌር መሻገሩ ባለሙያዎቹን ለዓመታት አከራክሯል። ክርክሩ በአብዛኛው ስለ ድምፅ ነው፤ የድሮው ማሽን ሙቀት አለው፣ ኮምፒውተሩ ቀዝቃዛ ነው የሚል። ከዚህ ጀርባ ግን ዕድሜው ከኤሌክትሪክ የሚበልጥ ሌላ ጥያቄ አለ። የሆነን ነገር እንዳልሆነ ማድረግ ይቻላል ወይ? ቢቻልስ፣ ለሰው ይበጀዋል ወይ?

የድምፁን ክርክር ቶሎ ማለፍ ይሻላል። ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ቲቢ-303 የባስ ጊታርን እንዲተካ ታስቦ የተሠራ ነበር። ጊታር አልመሰለም፤ ገዢም አጣ፤ 10,000 ያህል ብቻ ተሠርቶ ቆመ። ፊዩቸር የተባሉት የቺካጎ ወጣቶች ይህንኑ ያገለገለ ዕቃ አግኝተው፣ እየተጫወተ ሳለ ቁልፎቹን ሠሪዎቹ ባላሰቡት መንገድ ሲያዞሯቸው «አሲድ ትራክስ» ተፈጠረ። በ1987 ታተመ፤ አሲድ ሃውስ የተባለው ስልት ስሙን ያገኘው ከእሱ እንደሆነ ይነገራል። ፕሮፔለርሄድ የተባለው የስዊድን ኩባንያ ደግሞ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሪበርዝ የተባለ ፕሮግራም አወጣ፤ ሁለት 303ዎችና አንድ 808 የከበሮ ማሽን በስክሪን ላይ ቁጭ አሉ። ያው ኩባንያ በ2000 ባመጣው ሪዝን ላይ ታብ የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ የመሣሪያዎቹ መደርደሪያ ዞሮ ጀርባውን ያሳያል፤ ገመዶቹም እየተወዛወዙ ይታያሉ። ገመድ ለማያስፈልገው ነገር ገመድ የሰጡት እጅ የለመደውን ነገር እንዲያገኝ ነው። ዛሬ በተጠናቀቀ ሙዚቃ ውስጥ እውነተኛውን 303 ከቅጂው መለየት ጥሩ ጆሮ ላለው ሰው እንኳ ከባድ ነው። ድምፁ ተሻግሯል።

ያልተሻገረው ሌላ ነገር ነው።

አርስጣጣሊስ በሥነ ምግባር መጽሐፉ ሰው ስለሚመጣው እንጂ ስላለፈው አይመክርም፣ ያለፈው አለመሆን አይችልምና ብሎ አስተምሯል። ይህ ትምህርት የክርስትና ሊቃውንትን በብርቱ አከራክሯል። ቅዱስ ጄሮም ድንግልናዋን ያጣችን ሴት እግዚአብሔር እንኳ እንዳልሆነ ሊያደርግላት አይችልም ብሎ ጽፎ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ጴጥሮስ ዳምያኒ የተባለው ኢጣሊያዊ መነኩሴ ነገሩ አላስተኛው ብሎ ለሞንቴ ካሲኖ ገዳም አበምኔት ለዴሲዴርዮስ ረጅም ደብዳቤ ላከ። የአምላክን ሥልጣን ያለፈ ጊዜ እንኳ ሊገድበው አይገባም ሲል ተከራከረ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቶማስ አኩዊናስ ግን ወደ ጄሮም አደላ። ያለፈ ነገር አልነበረም ማለት እርስ በርሱ የሚቃረን ነገር ነው፤ እርስ በርሱ የሚቃረን ነገር ደግሞ ሁሉን ቻይነትን አይነካም፣ መጀመሪያውኑ ነገር አይደለምና።

እንዲህ ሊቃውንትን ያደከመው ጉዳይ በአንድ አቀናባሪ ጠረጴዛ ላይ በቀን መቶ ጊዜ የሚፈጸም ይመስላል። በፋይሉ ውስጥ በእርግጥም ይፈጸማል፤ የተሰረዘው ኖታ ቅሪት የለውም። በሰውየው ዘንድ ግን አይፈጸምም። ያን ኖታ የሰማው ጆሮ ሰምቶታል፤ ያለፈው ሰዓት አልፏል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ሠሪውን ወደፊት እየወሰደ ሥራውን ብቻ ወደ ኋላ ይመልሳል። ሥራና ሠሪ በአንድ ጊዜ ውስጥ አብረው መኖራቸው ያበቃል። ጥያቄው ሃይማኖታዊ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ላደረገው ነገር ባለቤት የሚሆነው ምን ሲሆን ነው የሚለውን ይነካልና።

ለውጡ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ሮበርት ሙግ በኒው ዮርክ ግዛት ትሩማንስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ በ1964 መሥራት የጀመረው ሲንተሳይዘር የሚያስታውሰው ነገር አልነበረውም። ድምፁ የሚኖረው በተሰኩት ገመዶችና በዞሩት ቁልፎች ላይ ብቻ ነው፤ ገመዱ ሲነቀል ድምፁ አበቃ። ዌንዲ ካርሎስ የባክን ሙዚቃ በዚህ ማሽን ሠርታ በ1968 «ስዊችድ ኦን ባክ»ን ስታወጣ፣ ማሽኑ በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ ስለሚያወጣ እያንዳንዱን መስመር ለየብቻው በስምንት ትራክ ቴፕ ላይ ደራረበችው። ሙቀት ሲለዋወጥ ቅኝቱ ይሸሻል፤ ጥቂት ሴኮንድ ተጫውታ እንደገና ትቃኘዋለች። በ1978 ዴቭ ስሚዝ ፕሮፌት-5ን ሲያወጣ ሲንተሳይዘሩ 40 ድምፆችን የሚይዝ ማስታወሻ ይዞ መጣ። በ1983 ሚዲ የተባለው የጋራ ቋንቋ ማሽን ከማሽን አነጋገረ፤ ያን ጊዜ የሚቀዳው ድምፁ መሆኑ ቀርቶ የጣቱ ትእዛዝ ሆነ፤ ትእዛዝ ደግሞ ተጫውተው ከጨረሱ በኋላም ይታረማል። በ1996 ሽታይንበርግ ያወጣው ኩቤዝ ቪኤስቲ የተባለ ፕሮግራም የስቱዲዮ መሣሪያዎችን ወደ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባ። በ2001 ከበርሊን ኤብልተን ላይቭ የተባለው የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም መጣ። ከዚያ በኋላ ከክፍል ውስጥ የሚቀር ዕቃ ቢኖር ወንበሩና ድምፅ ማጉያው ነው ማለት ይቻላል።

የጠፋውን ነገር በቅርብ ለማየት ግን ከአሜሪካና ከአውሮፓ ይልቅ ኪንግስተን፣ ጃማይካ መሄድ ይሻላል። ኪንግ ተቢ በመባል የሚታወቀው ኦስበርን ራዶክ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነበር። በ1970ዎቹ ዋተርሃውስ በሚባል ሰፈር፣ በራሱ ቤት ውስጥ፣ ሌሎች የቀዷቸውን የሬጌ ዘፈኖች በአራት ትራክ ቴፕ ተቀብሎ ደብ የተባለውን ስልት ሠራባቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ቴፑ ይነሳል። ተቢ በሚክሰሩ ፊት ቆሞ የዘፋኙን ድምፅ ድንገት ይቆርጠዋል፤ አንዲት ቃል ብቻ ለቅቆ ወደ ገደል ማሚቶው ይልካታል፤ ባሱን ብቻውን ይተወዋል፤ አንዱን ትልቅ ቁልፍ ሲያዞር ከበሮው ሥጋውን ጥሎ ፉጨት ብቻ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ዘፈኑ እየሄደ ነው። እጁ የዘገየ እንደሆነ ዘገየ ነው፤ የቀደመ እንደሆነ ቀደመ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ ሥራው አለቀ። አንዱን ዘፈን ደጋግሞ ሊሠራው ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ሌላ ሥራ ይሆናል እንጂ የመጀመሪያው እርማት አይሆንም።

ያንኑ ሥራ ዛሬ በሶፍትዌር የሚሠራ ሰው የድምፁን መውጣትና መውረድ በማውስ መስመር አድርጎ ይስለዋል። መስመሩ ጠመም ካለ ያቃናዋል። ውጤቱ ከተቢ ሥራ ጋር ሊመሳሰል ይችላል፤ አንድ ሰው በዚያች ደቂቃ ያደረገው ነገር ግን በውስጡ የለም።

የፖለቲካ አሳቢዋ ሐና አረንት በ1958 ባሳተመችው «ዘ ሂውማን ኮንዲሽን» በተባለው መጽሐፏ ሥራን ከድርጊት ትለያለች። አናጢ ጠረጴዛ ይሠራል፤ ካላማረው ሰባብሮ ሌላ መሥራት ይችላል፤ የእጁ ሥራ ጌታ ነው። ድርጊት ግን በሰዎች መካከል የሚደረግ ነው፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ አንዴ ከተደረገ አይመለስም፣ መጨረሻውም አይታወቅም። ለዚህ ለማይመለሰው ነገር ሰው ያለው መድኃኒት ይቅርታ ነው፤ ለማይታወቀው መጨረሻ ያለው መድኃኒት ደግሞ ቃል ኪዳን ነው ትላለች። ይቅርታ በሰዎች ጉዳይ ውስጥ ያለውን ቦታ ያገኘው የናዝሬቱ ኢየሱስ ነው ስትልም ነገሩን እንደ ሃይማኖት ትምህርት ብቻ አታየውም፤ ለማንኛውም ማኅበረሰብ የሚሆን ግኝት አድርጋ ነው የምትወስደው።

በዚህ ሚዛን ስንመዝነው የሃርድዌር ስቱዲዮ እንግዳ ቦታ ነበር። ሙዚቃ መቅረጽ እንደ አናጢነት ሥራ ነው፤ ነገር ግን ማሽኖቹ ደካማ ስለነበሩ ሥራው በድርጊት እየተሞላ ይሄድ ነበር። ቴፑን መቁረጥ፣ ሚክሰሩን በእጅ መንዳት፣ አራት ትራክ ሞልቶ ቦታ ሲጠፋ ሁሉን ወደ አንድ ጨምቆ ወደፊት መሄድ፣ እነዚህ ሁሉ ሰውን ውሳኔ ውስጥ ያስገቡታል። ሶፍትዌሩ ያደረገው ድርጊቱን በሙሉ ወደ ሥራ መለወጥ ነው። ሁሉም ነገር ጠረጴዛ ሆነ፤ ሁሉም ሊሰበርና ሊጠገን የሚችል። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ይቅርታም ቃል ኪዳንም አያስፈልግም፤ ምንም ነገር አልተደረገምና።

የዱሰልዶርፉ የሙዚቃ ቡድን የክራፍትቨርክ ታሪክ ይህን ፊት ለፊት ያሳያል። ከ1974 እስከ 1981 ባሉት ዓመታት ክሊንግ ክላንግ በተባለው ስቱዲዮአቸው አምስት ታላላቅ አልበሞች ሠሩ፤ ከ«አውቶባን» እስከ «ኮምፒውተር ወርልድ»። በ1981 ለዓለም ዙር ጉዞ ሲነሱ ስቱዲዮአቸውን ነቅለው መድረክ ላይ ተከሉት። ቀጥሎ የታሰበው አልበም «ቴክኖ ፖፕ» በ1983 ሊወጣ ተቃርቦ ሳለ ተመለሰ፤ እንደገና ተሠራ፤ በ1986 «ኤሌክትሪክ ካፌ» ተብሎ ወጣ። በ1991 የወጣው «ዘ ሚክስ» የቀድሞ ዘፈኖቻቸው በዲጂታል መሣሪያ ታድሰው የቀረቡበት ነው። አዳዲስ ዘፈኖች የያዘ አልበም እስኪወጣ ድረስ 2003 መጠበቅ ግድ ሆነ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2002፣ በመድረክ ላይ የነበረው የማሽን ግድግዳ ሄዶ በቦታው አራት ላፕቶፖች ቆመዋል። የ1986ቱ አልበምም በ2009 እንደገና ሲታተም ስሙ ተቀልብሶ «ቴክኖ ፖፕ» ሆነ።

ፍርድ ሲሰጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የቡድኑ መሪ ራልፍ ሁተር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከባድ የብስክሌት አደጋ ደርሶበታል፤ ብስክሌት ራሱም ከስቱዲዮው ይልቅ ልቡን ይስበው ነበር። ስለዚህ ዝምታውን በሙሉ በኮምፒውተር ማሳበብ ትክክል አይሆንም። ነገር ግን በ1990 ቡድኑን የለቀቀው ካርል ባርቶስ ኮምፒውተሩ አብሮ ተያይቶ የመጫወቱን ልማድ እንደጎዳው ተናግሯል። የአልበሞቹ ቀናትም የሚሉት ነገር አለ። ሊታረም የሚችል ነገር ሁሉ ሲገኝ፣ ይበቃል የሚል ሰው ይጠፋል።

ይቅርታን አንሥተናልና እንግዲህ ወደ ንስሐ እንምጣ። መቀልበስና ንስሐ ከሩቅ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ከተሳሳቱት ነገር መመለሻ መንገድ ናቸው። ቀረብ ሲሉ ግን ተቃራኒ ናቸው። ንስሐ የሚጀምረው አድርጌያለሁ በማለት ነው። ኃጢአተኛው ከንስሐ አባቱ ፊት ቀርቦ ያደረገውን በአንደበቱ ይናገራል፤ ቀኖና ይቀበላል፤ ይጾማል፣ ይሰግዳል። ንጉሥ ዳዊት ነቢዩ ናታን ሲገሥጸው ተጸጸተ፤ ይቅር ተባለ፤ ያስገደለው ኦርዮ ግን ከመቃብር አልተመለሰም፣ ከኦርዮ ሚስት የወለደው ሕፃንም ሞተ። ከዚያ ጸጸት የወጣው መዝሙር በቤተ ክርስቲያን ጸሎት ውስጥ ሳይቋረጥ ሲደገም ይኖራል፤ በደሉ ባይታወስ ኖሮ መዝሙሩም አይኖርም ነበር። በእስልምናም ተውባ ከበደሉ መታቀብን፣ መጸጸትንና ዳግም ላለመመለስ መቁረጥን ይጠይቃል፤ የሰው ሐቅ ከተነካ ደግሞ ሐቁን መመለስ ግድ ነው። በሁለቱም ዘንድ ሰውዬው ምንም እንዳላደረገ ሆኖ አይወጣም። አድርጎ የተመለሰ ሰው ሆኖ ይወጣል።

የትንሣኤው ወንጌል ከዚህ አንድ እርምጃ ያልፋል። ክርስቶስ ሞትን ድል አድርጎ በተነሣ ጊዜ የችንካሩ ቦታ በእጁ ላይ ነበረ፤ በዳግማይ ትንሣኤ የሚታሰበው የቶማስ ታሪክ ይኸው ነው። ሞት ተሸነፈ፤ ቁስሉ ግን አልተደመሰሰም። መታወቂያ ሆነ።

የግእዝ ብራና ጸሐፊዎችም ይህን በእጃቸው ያውቁታል። ጸሐፊው ሲሳሳት ቃሉን በስለት ይፍቅና በላዩ ይጽፋል፤ መስመር የዘለለ እንደሆነ በኅዳጉ ላይ ጽፎ ምልክት ያደርግበታል። ከመቶ ዓመታት በኋላ ገጹን ወደ ብርሃን ያዞረ አንባቢ የተፋቀው ቦታ ሳስቶ ያየዋል። እርማቱ አለ፤ ስሕተቱም እንደነበረ ይታያል፤ መጽሐፉ በዚህ አልረከሰም። የዴሊያ ደርቢሻየር ቴፕም እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያ አንድ ሰው የወሰነበት ቦታ ነው።

በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ውስጥ ከጉድለት የተወለደ ውበት ብዙ መሆኑ ከዚህ ጋር ይያያዛል። የ808 ከበሮ ማሽን በ1980 ወጥቶ በ1983 ሲቆም 12,000 ያህል ብቻ ተሠርቶ ነበር። የሮላንድ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺ እንደተናገረው፣ ለዚያ ልዩ ድምፁ የተጠቀሙት ጉድለት ያለባቸውን፣ ሌላው የሚጥላቸውን ትራንዚስተሮች መርጠው ነው፤ የፋብሪካዎች ጥራት ተሻሽሎ እንከን ያለበት ዕቃ ሲጠፋ ማሽኑን መሥራትም አልተቻለም። ቲቢ-303 ጊታር መሆን አቅቶት አዲስ ሙዚቃ ሆነ። እነዚህን ስሕተቶች የቀለበሳቸው ሰው ቢኖር ኖሮ የዛሬው የጭፈራ ሙዚቃ ግማሹ አይኖርም ነበር።

በተቃራኒው ወገን ያለው ክርክርም ቀላል አይደለም፤ በኢትዮጵያ ዓይን ሲታይ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። የሃርድዌር ስቱዲዮ የባለጠጋ ቤት ነበር። የቢቢሲን ስቱዲዮ ወጪ ይከፍል የነበረው የአንድ አገር ሕዝብ ነው። የአንድ አሮጌ 303 ዋጋ ዛሬ በሺዎች ዶላር ይቆጠራል። ግብፃዊው ሐሊም ኤል-ደብህ በ1944 ካይሮ ውስጥ የዛር ሥርዓትን ቀድቶ፣ ከሬዲዮ ጣቢያ ባገኘው የሽቦ መቅጃና በማስተጋቢያ ክፍል ድምፁን እየለወጠ በዓለም ቀደምት ከሚባሉት የኤሌክትሮኒክ ሥራዎች አንዱን ሠራ። ይኸው ሰው በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያንም በ1963 አቋቋመ። በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ቀዳሚ ረድፍ የሚቀመጥ ሰው አዲስ አበባ ነበር፤ ያን ሙዚቃ የሚሠሩበት ማሽን ግን በተማሪዎቹ እጅ አልገባም።

ሶፍትዌሩ ያን በር ከፈተው። ሚካኤል ሰይፉ በ2016 «ዘላለም»ን፣ እንደገና ሙሉ የተባለው ሌላው አቀናባሪ ደግሞ ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚለው የመድረክ ስሙ «ቀን ሰባት»ን ሲያወጡ፣ የመሰንቆና የአዝማሪ ድምፅ ከኮምፒውተር ምት ጋር ተገናኘ። ሮፍናን ኑሪ በ2018 ያወጣው «ነጸብራቅ» ደግሞ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ከጥቂቶች ጆሮ አውጥቶ የሰፊው አድማጭ አደረገው። ስቱዲዮ የመከራየት አቅም የሌለው ልጅ ሺህ ጊዜ ተሳስቶ መማር መቻሉ ምሕረት ነው። ቴፕ ውድ በነበረበት ዘመን ጀማሪ የመሳሳት መብት አልነበረውም። ይህን ምሕረት ንቆ ስለ ድሮው ማሽን ሙቀት ማውራት የጠገበ ሰው ወሬ ነው።

ሆኖም ምሕረትና መቀልበስ አንድ አይደሉም፤ የተማረው ልጅ አንድ ቀን መናገር አለበት። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ነው። ከዋሊያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ በዚያው ከቀረ በኋላ፣ በ1985 ዋሽንግተን በሚገኝ አነስተኛ ስቱዲዮ ብቻውን ገባ። አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና ያማሃ ዲኤክስ7 በየተራ ተጫውቶ አንዱን በአንዱ ላይ ደራረበ። «ሸሞንሟናዬ» የተሠራው እንዲህ ነው። ብቸኝነቱ የዛሬውን የላፕቶፕ አቀናባሪ ይመስላል። ልዩነቱ እያንዳንዱ ትራክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተጫወተ ሰው እጅ መሆኑ ነው፤ የአኮርዲዮኑ ትንፋሽ በከበሮ ማሽኑ ላይ ትንሽ ሲዘገይ፣ ትንሽ ሲቀድም ይሰማል። አልበሙ በ2013 እንደገና ታትሞ አዲስ አድማጭ ሲያገኝ ሰዎች የወደዱት ያንን ነው፤ ማንም ቢሆን ወደ ትክክለኛው ምት ሊስበው አልፈለገም።

መፍትሔው ወደ አሮጌው ዕቃ መመለስ አይደለም፤ ብዙ ገንዘብ ያለው ሰው ብዙ ማሽን ገዝቶ በአንዱም ሳይወስን መኖር ይችላል። መፍትሔው አረንት ሁለተኛ መድኃኒት ባለችው ነገር ላይ ነው፤ በቃል ኪዳን። ማሽኑ የማይከለክለውን ሰው ራሱ ይከልክል። ጾም ምግብ ጠፍቶ አይደለም፤ ምግብ እያለ በፈቃድ መተው ነው፤ ዋጋውም ከዚያ ይመጣል። ኤብልተን ላይቭን ከወለዱት ሰዎች አንዱ የሆነው ሮበርት ሄንከ ገደብ የሌለውን መሣሪያ ለዓለም ካበረከተ በኋላ፣ በ1980 በተሠሩ አምስት የኮሞዶር ኮምፒውተሮች ብቻ የሚቀርብ የመድረክ ሥራ አዘጋጅቷል። ያ ኮምፒውተር የሚያሳየው አረንጓዴ ፊደልና ምልክት ብቻ ነው፤ አቅሙም እጅግ ጠባብ ነው። ሰውየው በዓለም ላይ ካሉት ሰዎች ሁሉ ይልቅ ሰፊውን መንገድ ያውቃል፤ ጠባቡን የመረጠው አውቆ ነው።

ይህን የሚያነብ ወጣት አቀናባሪ ካለ፣ በሚቀጥለው ሥራው ቢያንስ አንዱን ትራክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጁ ይጫወተው፤ ሚክሱንም አንድ ጊዜ ዘፈኑ እየሄደ በእጁ ይንዳው። ከመጀመሩ በፊት የትኛውን ነገር እንደማይመልስ ለራሱ ቃል ይግባ። የተጫወተውን ወደ ድምፅ ፋይል ይለውጠው፤ የሚሰማውን እንከን፣ የሌላ ሰው ሐቅ ካልነካ፣ ይተወው፤ ከዚያ ፕሮጀክቱን ዘግቶ ለአድማጭ ይልቀቀው። በኤብልተን ላይቭ ውስጥ ፋይሉ ሲዘጋ የመቀልበስ ዝርዝሩም አብሮ ይጠፋል።